የባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይልና ውስጣዊ ሬዚስታንስ በቤት ውስጥ እንዴት ይለካል?

በአዲስ አበባ ዳር ባለው በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማታ መብራት ሲጠፋ በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈለገው የእጅ ባትሪ ነው፤ በርቶ እንደ ፍም ቀልቶ ብቻ ሲቀር ደግሞ «ድንጋዩ አልቋል» ይባላል። እዚሁ አካባቢ ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። ተማሪው አልቋል የተባለውን ድንጋይ በመልቲሜትር ሲለካ 1.4 ቮልት ያገኛል፤ ከሱቅ የመጣው አዲሱ ደግሞ 1.6 ቮልት ገደማ ያሳየዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ አንዱ ክፍሉን ሲያበራ ሌላው የአምፑሉን ክር እንኳ በቅጡ ማጋል የሚያቅተው ለምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ድንጋዩን ሥራ ፈትቶ ባለበት በመለካት አይገኝም። ድንጋዩ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እየሰጠ ሳለ ከቮልቴጁ ምን ያህሉን በራሱ ውስጥ እንደሚያስቀር መለካት ያስፈልጋል፤ ይህም በትንሽ ወጪና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ የሚችል ልኬት ነው።

በእኛ አነጋገር «ባትሪ» የሚለው ስም የእጅ መብራቱንም፣ በውስጡ የሚገባውንም፣ የመኪናውንም ስለሚያጠቃልል፣ ከዚህ በኋላ «ድንጋይ» የምለው 1.5 ቮልት የተጻፈበትን አንዱን ፍሬ ብቻ ነው። የመኪናና የሶላር ባትሪን ወደ መጨረሻው ለብቻው አነሳዋለሁ።

የሚለኩት ሁለት ነገሮች

ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይል የሚባለው በድንጋዩ ውስጥ ያለው የኬሚካል ለውጥ በወረዳው (ከረንቱ ከድንጋዩ ወጥቶ ዞሮ በሚመለስበት መንገድ) ውስጥ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ኩሎምብ ቻርጅ የሚሰጠው ጉልበት ነው። መለኪያው ቮልት ነው፤ 1 ቮልት ማለት ለ1 ኩሎምብ የተሰጠ 1 ጁል ጉልበት ማለት ነው። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው «ኃይል» የሚለው ቃል ሊያሳስተን አይገባም፤ በኒውተን የሚለካ ግፊት ወይም ጉተታ አይደለም። ስሙ አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ካሳወቀበት ዘመን የተረፈ ነው፤ በዚያን ጊዜ የጉልበትና የኃይል ትርጉም ዛሬ እንዳለው ተለይቶ አልተቀመጠም ነበር።

ውስጣዊ ሬዚስታንስ ደግሞ ከረንቱ በድንጋዩ በራሱ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት ነው። በተለመደው ድንጋይ ውስጥ ውጫዊው የዚንክ ቆርቆሮ አሉታዊ ጫፍ ሆኖ ያገለግላል፤ መሐሉ ላይ የካርቦን ዘንግ አለ፤ በሁለቱ መካከል ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጥቁር ዱቄትና እርጥብ ሊጥ መሰል ነገር ተጠቅጥቋል። ቻርጅ በዚህ ሊጥ ውስጥ የሚጓዘው በአዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ በተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ እንቅስቃሴ ነው። ድንጋዩ ባገለገለ ቁጥር ዚንኩ ይበላል፣ ሊጡ ይደርቃል፣ የለውጡ ዝቃጭም መንገዱን እያጠበበ ይሄዳል።

ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሮቶው ሰገነት ላይ ሞልቶ ሳለ ቧንቧው በዝገት ከጠበበ፣ ቧንቧው እንደተዘጋ በግፊት መለኪያ ቢታይ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ሲከፈት ግን ውሃው ክር አክሎ ይወርዳል። የሮቶው ከፍታ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉ ነው፤ የጠበበው ቧንቧ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ነው። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ የሚወሰድ ልኬት ስለ ጥበቱ ምንም አይናገርም፤ ምክንያቱም የማይፈስ ውሃ በጥበት አይጎዳም።

በስሌት ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። በድንጋዩ ሁለት ጫፎች መካከል የሚለካውን ቮልቴጅ «ቮ»፣ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉን «ኤ»፣ ከረንቱን «ከ»፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱን «ው» ብንል፦

ቮ = ኤ − (ከ × ው)

ከረንት ከሌለ ቮልቴጁ ከኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉ ጋር እኩል ነው። ከረንቱ ሲጨምር ቮልቴጁ በዚያው መጠን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሥራው ሁሉ ይህን አወራረድ በጥንቃቄ መመዝገብ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለት መልቲሜትር ቢገኝ መልካም ነው፤ አንዱ ቮልቴጅን፣ ሌላው ከረንትን ይለካል። ርካሹ ዓይነት ይበቃል። አንድ ብቻ ያለው ሰው የሚከተለውን ዘዴ ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ከዚህ ሌላ ጥርስ ያላቸው የሽቦ መቆንጠጫዎች፣ ጥቂት የመዳብ ሽቦ፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሚሊሜትር ወረቀትና ማስመሪያ ያዘጋጁ። ለማብሪያው የበር ደወል መጫኛን እመርጣለሁ፤ ጣት ሲነሳለት ወረዳውን በራሱ ስለሚከፍት ሳይታሰብ ተዘግቶ ድንጋዩን አይጨርስም።

ከረንቱን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ተለዋዋጭ ጭነት፣ ማለትም መጠኑ የሚቀያየር ከረንት ተቀባይ ሬዚስታንስ፣ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ተንሸራታች ሬዚስተር ሊኖረው ይችላል፤ ከመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የተለያየ መጠን ያላቸውን ሬዚስተሮች መግዛትም ይቻላል። እኔ ግን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የተቃጠለ የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ከ3500 እስከ 4000 ዋት የሚወስድ ከሆነ የሽቦው ሬዚስታንስ ከ12 እስከ 14 ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ድንጋይ ልኬት ልክ የሚያስፈልገን መጠን ነው። ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥም ንባቡ አይዋዥቅም። ምጣዱ «ተቃጠለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ ነው፤ የቀረው ክፍል ደኅና ነው። በሰፈራችን ምጣድ ጠጋኞች ዘንድ እንዲህ ያለ ቁራጭ አይጠፋም። ሽቦው ከምጣዱ ተለይቶ የወጣ መሆን አለበት፤ በስፒና ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ምጣድ ላይ ይህን ልኬት ፈጽሞ መሞከር አይገባም።

ጥቅልሉን አንድ ሜትር በሚሆን ጣውላ ላይ በመጠኑ ስበው ጫፍና ጫፉን በሚስማር ያስሩት። መቆንጠጫው በሚያርፍባቸው አምስት ወይም ስድስት ቦታዎች ላይ ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያጽዱ፤ በእሳት የጠቆረው ገጽታ ከረንት በደንብ አያስተላልፍም። መቆንጠጫውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማዛወር ጭነቱን መጨመርና መቀነስ ይቻላል።

አያያዙ

ከድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ የተነሳ ሽቦ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ከረንት መለኪያው፣ ከከረንት መለኪያው ወደ ምጣድ ሽቦው፣ ከዚያም ወደ ድንጋዩ አሉታዊ ጫፍ ይመለሳል። ቮልት መለኪያው ከዚህ መንገድ ውጭ ሆኖ ሁለቱን የድንጋዩን ጫፎች በቀጥታ ይነካል። «በቀጥታ» የሚለውን ቃል በክብደቱ እንዲቀበሉት እለምናለሁ። የቮልት መለኪያው መንኪያዎች ከማብሪያው ወዲያ ወይም በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ቢያርፉ፣ የማብሪያው፣ የመቆንጠጫውና የሽቦው ሬዚስታንስ ሁሉ እንደ ድንጋዩ ሬዚስታንስ ሆኖ ይቆጠራል። ግማሽ ኦም ፈልጎ ለሚለካ ሰው ደግሞ አንድ የላላ መቆንጠጫ ብቻውን ያን ያህል ሊሆን ይችላል።

በዚህ አያያዝ ውስጥ ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ጥቅም አለ። ቮልት መለኪያው ድንጋዩን ብቻ፣ ከረንት መለኪያው ደግሞ በወረዳው የሚያልፈውን ሁሉ እስከለካ ድረስ የምጣድ ሽቦው ስንት ኦም እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። የከረንት መለኪያው የራሱ ሬዚስታንስም ውጤቱን አያበላሽም፤ እንደ ጭነቱ አንድ ክፍል ይቆጠራል እንጂ። ቮልት መለኪያው የሚወስደው ከረንት ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የርካሹ መልቲሜትር ውስጣዊ ሬዚስታንስ 1 ሚሊዮን ኦም እንኳ ቢሆን በ1.5 ቮልት የሚያልፈው 1.5 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው።

የቮልት መለኪያውን 2 ቮልት ወይም 2000 ሚሊቮልት በሚለው ደረጃ ላይ ያድርጉት፤ 20 ቮልት በሚለው ላይ ከተተወ አንድ መቶኛ ቮልት ድረስ ብቻ ያነባል። ከረንት መለኪያው 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ይሰካ። የመልቲሜትሩ የራሱ ባትሪ የደከመ ከሆነ አስቀድመው ይለውጡት፤ ደካማ ባትሪ ያለው ርካሽ መልቲሜትር ከእውነቱ አስበልጦ ያነባል፣ ይህንንም በመስተዋቱ ላይ በምትታይ ትንሽ የባትሪ ምልክት ብቻ ነው የሚያስታውቀው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከረንት መለኪያን ያለ ጭነት በድንጋዩ ሁለት ጫፎች ላይ አያሳርፉ። ከረንት መለኪያው የራሱ ሬዚስታንስ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ድንጋዩን በአጭር ወረዳ ያዘጋዋል፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች ያለ በቂ እንቅፋት ያገናኛል። በአንድ ወቅት በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ቮልት የለካ መስሎት ይህን አድርጎ የመለኪያው ፊውዝ ተቃጠለ፤ ጉዳቱ በዚያ የቆመው የያዘው ተራ ድንጋይ ስለነበር ነው። የስልክ ወይም የላፕቶፕ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ከፊውዝ አልፎ እጅ ያቃጥል ነበር።

ንባብ አወሳሰድ

መጀመሪያ ማብሪያው ሳይጫን የድንጋዩን ቮልቴጅ ይመዝግቡ። ከዚያ መቆንጠጫውን በምጣድ ሽቦው ሩቅ ጫፍ ላይ አድርገው ማብሪያውን ይጫኑ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ሁለቱንም ቁጥሮች አንብበው ጣትዎን ያንሱ። ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል፤ አንዱ ቮልቱን፣ ሌላው ከረንቱን ይመለከታል፣ «አሁን» ሲባል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው መቆንጠጫውን ወደ ቅርቡ ያዛውሩና ይድገሙ። አምስት ንባብ በቂ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰው አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር ካልተቀራረበ ድንጋዩ በልኬቱ ጊዜ ተዳክሟል ማለት ስለሆነ አሳርፎ እንደገና መጀመር ነው።

ለምን መቸኮል እንዳስፈለገ አንባቢው ራሱ ቢያየው ይሻላል። ማብሪያውን ተጭነው ግማሽ ደቂቃ ቢቆዩ ቮልቴጁ በዓይንዎ እያዩት ዝቅ ዝቅ ይላል። በካርቦኑ ዘንግ ዙሪያ የሚከማቸው የለውጡ ውጤት በፍጥነት ስለማይጠረግ ነው፤ ጣት ሲነሳ ድንጋዩ ቀስ እያለ ያገግማል። ያረፈ የእጅ ባትሪ ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ደምቆ ከዚያ የሚፈዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ንባቦቹ እኩል ባልሆነ የቆይታ ጊዜ ከተወሰዱ ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ አይውሉም።

እኔ በአንድ ትልቅ አዲስ የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ላይ የወሰድኩት ንባብ የሚከተለው ነው። ሦስተኛው አኃዝ ስለሚዋልል ወደ ሁለት አኃዝ አጠጋግቼዋለሁ።

ያለ ጭነት፦ 1.59 ቮልት
በ0.12 አምፔር፦ 1.52 ቮልት
በ0.21 አምፔር፦ 1.48 ቮልት
በ0.30 አምፔር፦ 1.43 ቮልት
በ0.41 አምፔር፦ 1.37 ቮልት
በ0.52 አምፔር፦ 1.32 ቮልት

በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሽቦ፣ መቆንጠጫውን በዚያው አምስት ቦታዎች ላይ እያሳረፍኩ ከእጅ ባትሪ «አልቋል» ተብሎ የወጣ ተመሳሳይ ድንጋይ ለካሁ።

ያለ ጭነት፦ 1.41 ቮልት
በ0.09 አምፔር፦ 1.18 ቮልት
በ0.15 አምፔር፦ 1.04 ቮልት
በ0.20 አምፔር፦ 0.93 ቮልት
በ0.24 አምፔር፦ 0.82 ቮልት
በ0.28 አምፔር፦ 0.73 ቮልት

ግራፉና ስሌቱ

በሚሊሜትር ወረቀቱ ላይ ከረንቱን በአግድም፣ ቮልቴጁን በቁም አድርገው ነጥቦቹን ያሳርፉ። ከዚያ ለሁሉም ነጥቦች የሚቀርበውን አንድ ቀጥተኛ መስመር ያስምሩ፤ ነጥብን ከነጥብ እያያያዙ የተሰበረ መስመር መሥራት አያስፈልግም። ያለ ጭነት የተወሰደውን ንባብ ለመስመሩ አይጠቀሙበት፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ ያስቀምጡት። መስመሩ ተዘርግቶ የቁሙን ዘንግ ከረንት ዜሮ በሆነበት ቦታ የሚቆርጥበት ነጥብ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉ ነው። መስመሩ የሚወርድበት መጠን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ አምፔር የሚቀንሰው ቮልት፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ነው። አወራረዱን ለማስላት ከመስመሩ ላይ እጅግ የተራራቁ ሁለት ቦታዎችን ይምረጡ።

ለአዲሱ ድንጋይ መስመሩ ከ1.52 ወደ 1.32 ሲወርድ ከረንቱ ከ0.12 ወደ 0.52 ይጨምራል፤ 0.20 ቮልት ለ0.40 አምፔር ሲካፈል 0.50 ኦም ይሆናል። መስመሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ዘንጉን 1.58 ቮልት ላይ ይቆርጣል። ለአሮጌው ድንጋይ 0.45 ቮልት ለ0.19 አምፔር ሲካፈል 2.4 ኦም ገደማ ይሰጣል፤ ዘንጉን የሚቆርጠውም 1.39 ቮልት ላይ ነው።

የተማሪዎቼ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉ የቀነሰው ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነው፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ግን ወደ አምስት እጥፍ ተጠግቷል። ሁለት ድንጋይ የሚወስድ፣ 2.5 ቮልትና 0.3 አምፔር የተጻፈበት አምፑል ያለው የእጅ ባትሪ እናስብ። በአዲሶቹ ድንጋዮች 0.3 አምፔር ሲያልፍ በውስጣቸው የሚቀረው 0.3 ቮልት ነው፤ ለአምፑሉ 2.86 ቮልት ይደርሰዋል። አሮጌዎቹ ያንኑ ከረንት ለመስጠት ቢሞክሩ ከ2.78 ቮልት ውስጥ 1.4 ቮልት የሚሆነው በራሳቸው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ለአምፑሉ አይደርስም ማለት ነው፤ አምፑሉም ያን ከረንት ሳያገኝ እንደ ፍም ቀልቶ ይቀራል። ያንኑ ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ብንከተው ግን ለብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ ሰዓቱ የሚጠይቀው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በውስጥ የሚቀረው ቮልቴጅ አይታወቅም። እናቶቻችን ከባትሪ የወጣን ድንጋይ ለሬዲዮና ለሰዓት የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በግራፉ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ነጥቦቹ እንዲሰፉ ብለው የቁሙን ዘንግ ከ0.6 ወይም ከ1.2 ቮልት ያስጀምሩታል፤ ይህ ተገቢ ነው። ከዚያ ግን መስመሩ የታችኛውን ጠርዝ የቆረጠበትን ቦታ «የአጭር ወረዳ ከረንት» ብለው ይጽፋሉ። የአጭር ወረዳ ከረንት የሚገኘው ቮልቴጅ በእርግጥ ዜሮ በሆነበት ቦታ ነው፤ ለአዲሱ ድንጋያችን 1.58 ለ0.50 ሲካፈል 3.2 አምፔር ያህል ነው። እርሱም ቢሆን ግምት ነው፤ በዚያ ከረንት ድንጋዩ ስለሚሞቅና ስለሚለወጥ መስመሩ ቀጥ ብሎ አይዘልቅም።

ስለ ትክክለኛነቱም መታሰብ አለበት። በእያንዳንዱ የቮልት ንባብ ላይ የአንድ መቶኛ ቮልት ስሕተት ቢኖር፣ የአዲሱ ድንጋይ ጠቅላላ ቅናሽ 0.20 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ከመቶ አሥር ያህል ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ 0.5 ኦም ብሎ መጻፍ ታማኝነት ነው፤ የካልኩሌተሩን ስድስት አኃዝ መገልበጥ ግን ያልለኩትን ለካሁ ማለት ነው።

መልቲሜትሩ አንድ ብቻ ከሆነ

በችኮላ ለማወቅ ሁለት ንባብ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ጭነት ይለኩ፤ ከዚያ ሬዚስታንሱ የታወቀ ጭነት አገናኝተው ይለኩ። ጭነቱን «ጭ» ብንል፦

ው = ጭ × (ኤ − ቮ) ÷ ቮ

ለአዲሱ ድንጋይ 4.8 ኦም ጭነት ቢገናኝና ቮልቴጁ ከ1.59 ወደ 1.43 ቢወርድ ውጤቱ 0.54 ኦም ይሆናል። ከግራፉ ትንሽ የበለጠበት ምክንያት ያረፈ ድንጋይ ያለ ጭነት የሚያሳየው ቮልቴጅ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል ነው። በዚህ ዘዴ የጭነቱን ሬዚስታንስ በትክክል ማወቅ ግዴታ ነው። በመልቲሜትር ሲለኩት አስቀድመው ሁለቱን መንኪያዎች እርስ በርስ ያነካኩና የሚታየውን ቁጥር ከውጤቱ ላይ ይቀንሱ፤ የመንኪያዎቹ ሽቦ ብቻውን ጥቂት አሥረኛ ኦም ይኖረዋልና።

ጊዜ ያለው ሰው በአንድ መልቲሜትርም ሙሉ ግራፍ መሥራት ይችላል። የተለያዩ የታወቁ ጭነቶችን እያገናኘ ቮልቴጁን ብቻ ይመዘግባል፤ ከዚያ «1 ለቮልቴጁ ሲካፈል» የሚሰጠውን በቁም፣ «1 ለጭነቱ ሲካፈል» የሚሰጠውን በአግድም ያስቀምጣል። ግንኙነታቸው ይህ ነው፦

1 ÷ ቮ = (1 ÷ ኤ) + (ው ÷ ኤ) × (1 ÷ ጭ)

ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የቁሙን ዘንግ የሚቆርጥበት ቁጥር ተገልብጦ ኤሌክትሮሞቲቭ ኃይሉን ይሰጣል፤ የመስመሩ አወጣጥ በዚያው በተቆረጠው ቁጥር ሲካፈል ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይገኛል።

ብርድና ፀሐይ

ከከተማው ዳር ያለን ሰዎች የኅዳርንና የታኅሣሥን ንጋት ብርድ እናውቃለን። በመስኮት ደፍ ላይ ያደረ ድንጋይ ጠዋት ሲለካና ያው ድንጋይ ቀትር ላይ ሲለካ የሚሰጡት ውስጣዊ ሬዚስታንስ አንድ አይደለም፤ በብርድ አዮኖቹ ስለሚዘገዩ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የሁለት ድንጋዮችን ውጤት ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ክፍል አቆይቶ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካቸው። በማስታወሻው ላይም ሰዓቱን ይጻፍ።

ያለቀን ድንጋይ ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድም የሚገባን ከዚሁ ነው። ሙቀቱ የአዮኖቹን ጉዞ ያፋጥናል፣ ዕረፍቱም የተከማቸው ውጤት እንዲበተን ጊዜ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሬዚስታንሱ ለጊዜው ይቀንሳል፣ መብራቱም ትንሽ ይደምቃል። የተበላው ዚንክ ግን አይመለስም። ከመሰጣቱ በፊትና በኋላ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ ማስመር ለተማሪ እጅግ ጥሩ ሙከራ ነው። ቆርቆሮው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ድንጋይ ግን አይሰጣ፣ አይለካም፤ ይጣል።

የሎሚ ባትሪና የሶላር ባትሪ

ይኸው ልኬት ጽንፍ ላይ ባሉ ባትሪዎች ሲሞከር ትርጉሙ ይበልጥ ይገለጣል። በአንድ ሎሚ ውስጥ ዚንክ የተቀባ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ቢሰኩ መልቲሜትሩ 0.9 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህን ያየ ልጅ ሁለት ሎሚ የእጅ ባትሪ የሚያበራ ይመስለዋል። የ1000 ኦም ሬዚስተር ሲገናኝበት ግን ቮልቴጁ ብዙ ይወርዳል፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ከብዙ መቶ እስከ ከሺህ ኦም በላይ ሊሆን ይችላልና። ለእንዲህ ያለው ደካማ ምንጭ ቀላል መንገድ አለ፤ ቮልቴጁ ያለ ጭነት ከታየው ግማሽ እስኪሆን ድረስ ጭነቱን እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ ግማሽ በሆነበት ቅጽበት ጭነቱና ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እኩል ናቸው። ይህን በመኪና ወይም በስልክ ባትሪ ላይ መሞከር አደገኛ ነው።

በሌላው ጽንፍ በብዙ ቤቶች ለሶላር መብራት የሚያገለግለው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አለ። ስድስት ሴሎች ስላሉት ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ በሚሊኦም የሚቆጠር ስለሆነ የምጣድ ሽቦው በቂ ከረንት አይስብለትም፤ ባለ55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፑል ይሻላል። እዚህ ላይ ያለ ጭነት የተወሰደው ንባብ አይታመንም፤ ከቻርጅ የወጣ ባትሪ ለጊዜው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ በአንድ አምፑልና በሁለት አምፑል ይለኩ። ለምሳሌ በ4.5 አምፔር 12.49፣ በ8.8 አምፔር 12.38 ቮልት ቢነበብ ልዩነቱ 0.11 ቮልት ለ4.3 አምፔር ነው፤ 0.026 ኦም፣ ማለትም 26 ሚሊኦም ያህል። ያረፈው ባትሪ 12.72 ያሳይ ነበርና ከእርሱ ጋር ቢነጻጸር ኖሮ እጥፍ የሚሆን የተሳሳተ መልስ በወጣ ነበር። የቮልት መንኪያዎቹ በባትሪው በራሱ ምላስ ላይ ይረፉ፤ በሽቦው መቆንጠጫ ላይ ቢያርፉ የሚለካው መቆንጠጫው ነው።

ይህን ባትሪ ሲለኩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ በላዩ አያሳርፉ፣ አምፑሉን የሚያበሩትና የሚያጠፉትም ከባትሪው ራቅ ባለ ማብሪያ ይሁን፤ ከቻርጅ የወጣ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ብልጭታ አጠገቡ መኖር የለበትም።

ወደ እጅ ባትሪው ልመለስ። ድንጋዮችዎን ከለኩ በኋላ በየአንዳንዱ ላይ ውጤቱንና ቀኑን በእስክሪብቶ በወረቀት ፕላስተር ጽፈው ይለጥፉበት፤ ባትሪው ውስጥም ውስጣዊ ሬዚስታንሳቸው የተቀራረበውን አብረው ያስገቡ። አንዱ 0.5 ሌላው 2.4 ኦም ሆነው አንድ ላይ ቢገቡ፣ ተከታትለው የተገናኙ ስለሆነ የአዲሱ ከረንት ሁሉ በአሮጌው ውስጥ እየተገፋ ያልፋል፤ አሮጌው ፈጽሞ ከደከመ በኋላም አዲሱ ከረንት ማስገደዱን አይተውምና ቆርቆሮው ተበልቶ ፈሳሹ የሚወጣው፣ የባትሪውንም ሞላ የሚያዝገው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።